የተላጠ የመኪና አርማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኮፈኑ ወይም የኋላው አርማ መላጥ፣ መፍዘዝ ወይም መነሳት ሲጀምር ባለመኪኖች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህ ነው።

አርማው ለምንድን ነው የሚላጠው?

አብዛኛው የዘመኑ አርማ ብረት ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው። ኤቢኤስ በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ መጀመሪያ መዳብ፣ ቀጥሎ ኒኬል፣ ከሁሉም በላይ ክሮም በኤሌክትሪክ ይለበጣል። ክሮሙ በጣም ስስ ነው። ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን ያንሳል፤ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ያ የምንወደው ብልጭታ በአብዛኛው የሚመጣው ከሥሩ ካለው ኒኬል ነው።

ችግሩ ፕላስቲክና ብረት ሙቀት ሲነካቸው እኩል አለመለጠጣቸው ነው። ፕላስቲኩ ብዙ ይሰፋል፣ ብረቱ ጥቂት። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ይህ መጓተት ለዓመታት ይቀጥላል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ ወይም ጠጠር የመታው ነጥብ ካለ ውሃ በዚያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ይጀምራል።

ከላያቸው የብርጭቆ መልክ ያለው ሽፋን የፈሰሰባቸው ባለቀለም አርማዎች ደግሞ ሌላ አመል አላቸው። እነሱን የሚያበላሻቸው በዋናነት ፀሐይ ነው። ግልጹ ሽፋን መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ሲገባ ከሥሩ ያለው ቀለም ይነጣል።

የእኔ ፕላስቲክ ይሁን ብረት በምን ልወቅ?

የተላጠውን ቦታ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከሥሩ ነጭ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነ ለስላሳ ነገር ከታየ ፕላስቲክ ነው። ቡግር ቡግር ያለ፣ ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ደብዛዛ ግራጫ ከሆነ ግን በቅርጽ የፈሰሰ ዚንክ ነው። ይህ በአሮጌ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ማግኔት ይዛችሁ አትልፉ፤ ዚንክም አሉሚኒየምም በማግኔት አይሳቡም።

የተነሳውን ክሮም መልሼ በማጣበቂያ ልለጥፈው?

አይሆንም። ዓይናችሁ የሚያየው የተነሳው ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ አልፎ ያልተነሳ የሚመስለው ክፍልም አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲኩ ለቋል። ጫፉን ብትለጥፉት ከጎኑ ሌላ እብጠት ይወጣል።

ደግሞም ተጠንቀቁ። የተላጠ ክሮም ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለታም ነው። በባዶ እጅ መኪና ሲያጥብ ጣቱን የቆረጠ ሰው ብዙ ነው። ለጊዜው የምትሉት መፍትሔ ከፈለጋችሁ የላላውን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ቀሪውን ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት። አያምርም፤ ግን ማንንም አይቆርጥም።

ታዲያ ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ፕላስቲክ ሆኖ ክሮሙ ከተላጠና አዲሱ ገበያ ላይ ካለ፣ ቀይሩት። የተላጠ ፕላስቲክን ወደ መጀመሪያው ክሮም መመለስ ማለት አሮጌውን ሽፋን በኬሚካል ማስለቀቅና እንደገና ማስለበጥ ነው። ይህን በፕላስቲክ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ጥቂት ነው። ሲገኝም ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይበልጣል። ቤት ውስጥ ልሞክረው የሚል ሰው ካለ ደግሞ ተዉት፤ ክሮም ለመለበጥ ሲያገለግል የኖረው ስድስት ቫለንት ክሮም ካንሰር አምጪ መርዝ ነው።

ጥገና የሚያዋጣው አርማው የማይገኝ ሲሆን፣ ከብረት የተሠራ አሮጌ ሲሆን፣ ወይም ከክሮም ወደ ጥቁር ለመለወጥ ስታስቡ ነው። አርማው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ማጣበቂያው ብቻ ከለቀቀ ግን መግዛት አያስፈልግም። በደንብ አጽድቶ በአዲስ ደብል ቴፕ መመለስ ይበቃል።

ቀለሙን ሳልጎዳ እንዴት ነው የማነሳው?

መጀመሪያ በምን እንደተያዘ እወቁ። አንዳንዱ በደብል ቴፕ ብቻ ነው። አንዳንዱ ቴፕም አለው፣ ቦታ የሚያሲዙ ትናንሽ እግሮችም አሉት። አንዳንዱ ደግሞ ከኮፈኑ ወይም ከፖርታባጋሊው ሥር በክሊፕ ወይም በብሎን ታስሯል። የቢኤምደብሊው ክብ አርማ ለምሳሌ ሁለት እግሮች አሉት፤ እግሮቹ ቀዳዳው ላይ ባሉ ትናንሽ ጎማዎች ውስጥ ተጭነው ይገባሉ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሥር ሳታዩ ምንም ነገር መሳብ አትጀምሩ።

ቀጥሎ ቦታውን ምልክት አድርጉ። በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር አርማውን ከላይና ከጎን ክበቡት፤ ፎቶም አንሱ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና በኋላ አዲሱን ሲለጥፍ በግምት ይሆናል። የተናጠል ፊደላት ከሆኑ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጭምር ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉበት።

ከዚያ አሙቁት። የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ሳታቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ ለጥቂት ደቂቃ ንፉበት፤ ሲነኩት የሚሞቅ ግን እጅ የሚችለው ሲሆን ደርሷል። ኃይለኛ የሙቀት ሽጉጥ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ፤ ኤቢኤስ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፣ የመኪናው ቀለምም ሊያብጥ ይችላል። ሲሞቅ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም የጥርስ ማጽጃ ክር በአርማውና በቀለሙ መሃል አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ ሳቡት። ክሩ የሚቆርጠው የቴፑን ስፖንጅ ነው። ከከበደ ኃይል አትጨምሩ፤ ሙቀት ጨምሩ። ካቻቢቴ ወይም ቢላ በዚህ ሥራ ላይ ቦታ የለውም።

እግር ያለው ከሆነ ክሩ እግሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ያኔ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ሳቡት። ወደ ጎን ካጠፋችሁት እግሩ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

የድሮው ማጣበቂያ አልለቅ ብሎኛል። ምን ላድርግ?

በአውራ ጣት እየጠቀለላችሁ ማንሳት ከሁሉ ይሻላል። ጣት ያማል እንጂ ቀለም አይጎዳም። የከረረውን እንደገና አሙቁት። ከዚያ የተረፈውን ማጣበቂያ ማስለቀቂያ ወይም ትንሽ ነጭ ጋዝ በጨርቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አርጥቡትና ጥረጉት። በመጨረሻ በሳሙና ውሃ እጠቡ፤ ቅባት ከቀረ አዲሱ አይይዝም።

አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አታቅርቡበት። ቲነርም እንደዚያው። አሴቶን ኤቢኤስን ያቀልጣል፤ የመኪናውንም ቀለም ያደበዝዛል።

አርማውን ሳነሳ ሥሩ ያለው ቀለም ከዙሪያው ተለየ። ተበላሽቷል ማለት ነው?

አልተበላሸም። እንዲያውም ትክክለኛው ቀለም ያ ነው። ፀሐይ ያደበዘዘችው ዙሪያውን ነው፤ አርማው የሸፈነው እንደ ፋብሪካው ቀርቷል። ዙሪያውን በፖሊሽ ብትሠሩት ልዩነቱ ይቀንሳል። በአሮጌና ቀይ መኪና ላይ ግን ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ አርማውን አንስቼ ባዶ ልተወው የምትሉ ይህን አስቀድማችሁ አስቡ። እግር ያለው ከነበረ ደግሞ ቀዳዳው ይቀራል፤ እሱን የሚደፍነው ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ነው።

ቀዳዳ ካለ ጠርዙን በባትሪ ብርሃን እዩት። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ አርማው ሲሸፍነው ማንም አያየውም። ቡናማ ነገር ካያችሁ ፍቁት፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲስ አርማ በዝገት ላይ መለጠፍ ለዝገቱ መደበቂያ መሥራት ነው።

በምን ልለጥፈው? ሱፐር ግሉ አይሆንም?

ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚከር የመኪና ንዝረትና ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ትነቱ ዙሪያውን ነጭ ያደርጋል። ከሁሉም የሚብሰው፣ አንድ ቀን ማንሳት ስትፈልጉ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮንም አይሆንም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረት ያዝጋል።

ትክክለኛው ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት የአክሪሊክ ስፖንጅ ደብል ቴፕ ነው። ከስሪ ኤምም ከሌሎችም አምራቾች ይገኛል። ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለውን ምረጡ፤ ያ ስፖንጅ ነው የኮፈኑን ኩርባ የሚሞላው፣ ንዝረቱንም የሚውጠው። የቢሮ ደብል ቴፕ መልኩ ሊመሳሰል ይችላል፤ አንድ ክረምት ግን አይዘልቅም። ለቀጫጭን ፊደላት ቴፑን በአርማው ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ ትርፉን በሹል ምላጭ ጠርዝ ጠርዙን ቁረጡ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ቢል ጥሩ ነው፤ ከፊት አይታይም።

ስለጥፈው ምን ልጠንቀቅ?

አርማ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ቴፑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ቦታው ስላልጸዳ ነው። ሰም፣ ፖሊሽ፣ ሲሊኮን ያለበት ማብረቂያ፣ የእጅ ወዝ፣ እነዚህ ሁሉ ቴፑንና ቀለሙን ያለያያሉ። አይሶፕሮፒል አልኮልና ውሃን እኩል ቀላቅላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁን ገልብጣችሁ እንደገና ጥረጉ፤ ሳትነኩት ይድረቅ። የእጅ ሳኒታይዘር አይተካውም፤ ብዙዎቹ ግሊሰሪን ስላለባቸው ቅባት ይተዋሉ። የአርማውንም ጀርባ እንዲሁ አጽዱ።

ሙቀት ወሳኝ ነው። ለቴፑ የሚመቸው ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ማጣበቂያው ይከርና አይዋሃድም። ብርድ ከሆነ ቦታውን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጉት። በጠራራ ፀሐይ የጋለ ኮፈን ላይም አትለጥፉ፤ ጥላ ሥር ይቀዝቅዝ።

የወረቀት ፕላስተሩን መስመር ተከትላችሁ አንዱን ጠርዝ አስይዙ፣ ቀጥ ማለቱን እዩ፣ ከዚያ ቀሪውን አስተኙት። ቴፑ አንዴ ከነካ በኋላ አነሳለሁ፣ አስተካክላለሁ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የቴፑን መሸፈኛ ሳትልጡ አንድ ጊዜ ቦታው ላይ አስቀምጣችሁ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። ከለጠፋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ለጥቂት ሰከንድ ጫኑ። ይህ ቴፕ ጉልበቱን የሚያገኘው ከግፊት ነው።

መኪናው አዲስ ቀለም ከተቀባ ቀለም ቀቢውን መቼ መለጠፍ እንደሚቻል ጠይቁት። ትኩስ ቀለም ውስጡ ያለው ቲነር ተንኖ እስኪያልቅ ቴፕ በደንብ አይይዝም።

መቼ ነው ማጠብ የምችለው?

ከ3 ቀን በኋላ። በመደበኛ የክፍል ሙቀት ይህ ዓይነት ቴፕ በ20 ደቂቃ ግማሽ ያህል ጉልበቱን፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶውን፣ በ72 ሰዓት ሙሉውን ያገኛል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የግፊት ውሃውን አስጠግታችሁ ወደ ጠርዙ አትልቀቁ።

ሙሉውን ልንቀለውና በስፕሬይ ልቀባው ብልስ?

ለጥቁር፣ ለግራጫ ወይም ከመኪናው ጋር ለሚመሳሰል ቀለም ጥሩ ሐሳብ ነው። ለክሮም ግን ተስፋችሁን ዝቅ አድርጉ። ክሮም ስፕሬይ የሚባለው የብር መልክ ያለው ቀለም እንጂ ክሮም አይደለም። ጣት ሲነካው ይደበዝዛል። መከላከያ ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን) ስትደርቡበት ደግሞ ወደ ግራጫነት ያደላል።

ዋናው ሥራ ከቀለሙ በፊት ነው። የላላውን ክሮም በሙሉ አንሱ። ከዚያ በ220 ወይም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠባችሁ ክሮም የቀረበትና ፕላስቲክ የታየበት ቦታ የሚገናኙበትን መስመር ፍቁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ዳስሱት፤ ደረጃ የሚመስል ነገር ከተሰማችሁ ገና ነው። ጣት የሚያገኘውን ደረጃ ቀለም አይሸፍነውም፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። ቀጥሎ በ400፣ ከዚያ በ600 አልስልሱ። ያልተላጠውንም ክሮም አደብዝዙት፤ ቀለም በመስታወት ልስላሴ ላይ አይይዝም።

ካጠባችሁና ካደረቃችሁ በኋላ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባ)፣ ቀጥሎ ክፍተት የሚሞላ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም፣ በመጨረሻ ፀሐይ የሚቋቋም ክሊር። ሁሉንም በስሱ፣ በየመሃሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ እየጠበቃችሁ። አንዴ አወፍሬ ልጨርስ ያለ ሰው የፊደላቱን ጠርዝ ቀለም ሞልቶ ያገኘዋል። አየር ባለበት ቦታ ሥሩ፤ ጭምብል አድርጉ።

እንደ ፕላስቲ ዲፕ ያለ ተመልሶ የሚላጥ የጎማ ቀለም ለጤነኛ ክሮም ቀላል አማራጭ ነው። ሲሰለቻችሁ ትልጡታላችሁ። በተላጠ ክሮም ላይ ግን አይሆንም፤ የላላውን ክሮም ይዞ ይነሳል።

አዲስ ስገዛ ምን ልይ?

የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ በክፍል ቁጥር ግዙ። የአንድ ሞዴል አርማ በየዓመተ ምርቱ መጠኑም፣ ኩርባውም፣ የእግሩ ቦታም ይለያያል። ቢኤምደብሊው ብዙ ሞዴሎች ላይ የኮፈኑ 82 ሚሊሜትር ሲሆን የኋላው 74 ነው። በዓይን አይለዩም፤ ቦታው ላይ ሲቀመጡ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ኪያም እ.ኤ.አ. በ2021 አርማውን ሙሉ በሙሉ ስለቀየረ ሞላላው የድሮው ቦታ ላይ አዲሱ አይገጥምም።

ተመሳስሎ የተሠራውን ለመለየት ጀርባውን አዙሩ። ጥሩው የክፍል ቁጥር ወይም የአምራች ምልክት ተቀርጾበት፣ ቴፑ የአርማውን ቅርጽ ተከትሎ ተቆርጦ ይመጣል። ደካማው ጠርዙ ላይ ሸካራ ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከኮፈኑ ኩርባ ጋር አይተኛም። ሁለት ጫፉ ተነስቶ የሚቀር አርማን ቴፕ አያድነውም።

የቸርኬው መሃል ክዳን ላይ ያለው አርማስ?

ብዙውን ጊዜ ክዳኑን በሙሉ መቀየር ይቀላል። ከኋላ በክሊፕ ስለሚይዝ የውጩን ስፋትና የክሊፖቹን ስፋት ለየብቻ ለኩ። በላዩ የሚለጠፍ ክብ ስቲከር ከመረጣችሁ የድሮውን አንስታችሁ ለጥፉ፤ የፍሬን ሙቀትና የመንገድ ጭቃ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ድርብርቡ አይቆይም።

መኪናዬ አሮጌ ነው። የብረት አርማው ቡግር አውጥቷል፣ ቀለሙም ረግፏል።

እንዲህ ያለውን አትጣሉ። እዚህ ላይ ጥገና ድካሙ ይገባዋል። የዚንክ አርማ ጥሩ ለባጭ ካገኘ አሮጌው ክሮም ይወርዳል፣ ዝገት የበላው ጉድጓድ ይጸዳል፣ በመዳብ ይሞላል፣ ይወለወላል፣ እንደገና ኒኬልና ክሮም ይለብሳል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ሥራው ይከብዳል። ባለሙያው አብዝቶ ከወለወለውም የፊደላቱ ጠርዝ ይጠፋል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት የሠራውን ሌላ አርማ አሳየኝ በሉት።

በፊደላቱ ሥር የነበረው ቀለም ብቻ ከረገፈ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የሞዴል መሥሪያ ቀለም በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ጫፍ ጠብ አድርጋችሁ ራሱ እስኪዘረጋ ጠብቁት። ቦታውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በእሳት የተጋገረ እውነተኛ ኢናሜል ከሆነ ግን ያ ብርጭቆ ነው። የተሰነጠቀውን በቀዝቃዛ ሙሌት ማስመሰል ይቻላል፤ እንደ ጥንቱ ለማድረግ እንደገና እቶን መግባት አለበት፤ እሱ የጌጥ ሠሪ ሥራ ነው።

መሪው ላይ ያለው አርማ ተላጧል። በሚያምር ብረት ልተካው?

በፍጹም። ከዚያ አርማ ጀርባ ኤርባግ አለ። ሲፈነዳ ክዳኑን በቅጽበት ቀድዶ ይወጣል፤ በላዩ የለጠፋችሁት ነገር ወደ ፊታችሁ ይወረወራል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ በፈርጥ ያጌጠ የመሪ አርማ በግጭት ጊዜ ተነስቶ የአንድ አሽከርካሪን ዓይን ካጠፋ በኋላ ነው። ከተላጠ የላላውን ብቻ አንሱና ተዉት፣ ወይም ከፋብሪካው የሚመጣውን የኤርባግ ክዳን ጉዳይ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። ካቻቢቴ አስገብታችሁ ለመፈንቀል አትሞክሩ።

የኋላውን አርማ ልነቅል ስል የሚንቀሳቀስ ሆኖ አገኘሁት።

አቁሙ። ቮልስዋገን ጎልፍ በቅርብ ትውልዶቹ ላይ የኋላ አርማው ራሱ የበር መክፈቻ ነው። ካሜራ ያላቸው ላይ ደግሞ ካሜራው ከአርማው ሥር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለው በክር አይቆረጥም፤ ከውስጥ በኩል ተፈትቶ ከነማንቀሳቀሻው ይወጣል።

የፊቱን አርማ ከቀየርኩ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ የራዳር ማስጠንቀቂያ በራ። ምን አገናኘው?

ብዙ ነገር። ከፊት ያለውን መኪና ተከትለው ፍጥነት የሚያስተካክሉ ወይም ራሳቸው ፍሬን የሚይዙ መኪኖች ራዳር አላቸው። ቶዮታና መርሴዲስ ቤንዝን ጨምሮ የብዙ አምራቾች ሞዴሎች ላይ ራዳሩ የሚቀመጠው ከግሪሉ አርማ ጀርባ ነው። በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ሞገድ በአርማው ውስጥ አልፎ መሄድና ተመልሶ መምጣት አለበት። ተራ ክሮም ብረት ስለሆነ ሞገዱን ይመልሰዋል። ለዚህ ነው የራዳር አርማ የተለየ የሆነው፦ ፊቱ ለስላሳና ጠፍጣፋ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ ቅርጹ ከውስጥ ነው የሚታየው። ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቀው ኢንዲየም የተባለ ብረት እጅግ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የማይገናኙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ስለሚያርፍ ሞገድ ያሳልፋል።

ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ተራ አርማ፣ የብረት ቅንጣት ያለበት ቀለም፣ በላዩ የሚደረብ ስቲከር ወይም ወፍራም ሽፋን አይገባም። መብራቱ ከበራ ዕድለኛ ናችሁ፤ መኪናው ችግሩን ነግሯችኋል። የባሰው መብራት ሳይበራ ራዳሩ ርቀት አሳስቶ ሲያነብ ነው። ለራዳር የተሠራውን አርማ በክፍል ቁጥሩ አስመጡ፤ ከተገጠመ በኋላም ሴንሰሩ መስተካከል እንዳለበትና እንደሌለበት የዚያን ሞዴል የጥገና መመሪያ በያዘ ጋራዥ አስመርምሩ። እስከዚያ ድረስ ፍጥነትን በራሱ የሚቆጣጠረውን ሥርዓት አጥፍታችሁ ንዱ።